የእንቅስቃሴ ገደብና የኬላ ላይ ሥልጣን፦ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ ደጋማ ምድር አንጻር

የእንቅስቃሴ ገደብ ማለት መንግሥት ሰዎች ከቤታቸው እንዳይወጡ፣ ከአንድ አካባቢ ወደ ሌላው እንዳይሻገሩ ወይም በተወሰነ ሰዓት መንገድ ላይ እንዳይገኙ የሚጥለው ክልከላ ሲሆን፣ ሕዝቡ በይበልጥ የሚያውቀው ሰዓት እላፊ በሚባለው መልኩ ነው። ክልከላው ራሱ በቂ ምክንያትና ሕጋዊ መሠረት ሊኖረው ይችላል፤ በኢትዮጵያ ለአሥርት ዓመታት ሲያነጋግር የኖረው ግን አስከባሪው ፖሊስ፣ ሚሊሻ ወይም ወታደር ከተሰጠው ሥልጣን አልፎ የሚማታበት፣ የሚያስርበትና የሰው ሕይወት እስከማጥፋት የሚደርስበት አፈጻጸም ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 የመዘዋወር ነፃነትን ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 93 ደግሞ የውጭ ወረራ፣ የሕግና የሥርዓት መፍረስ፣ የተፈጥሮ አደጋ ወይም ወረርሽኝ ሲከሰት ይህን ነፃነት በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለጊዜው ማገድ እንደሚቻል ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ በዚሁ አንቀጽ መሠረት በማናቸውም አዋጅ ሊታገዱ የማይችሉ ድንጋጌዎች ያሉ ሲሆን፣ ከእነዚህም አንዱ ጭካኔ የተሞላበትንና ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 ነው። ስለዚህ ሰዓት አሳልፎ የተገኘን ሰው በሕግ መጠየቅ ቢቻልም፣ በዱላ መደብደብ አስቸኳይ ጊዜ ቢታወጅም ባይታወጅም ወንጀል ነው። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 423 ከሕግ ውጭ ማሰርን፣ በአንቀጽ 424 ደግሞ በተያዘ ሰው ላይ ተገቢ ያልሆነ ዘዴ መጠቀምን ያስቀጣል።

ይህ ጥያቄ ከአሁኑ ሕገ መንግሥት በፊት የነበረ ነው። ደርግ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ሥልጣን በያዘ ጊዜ በአዲስ አበባ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ በኋላም ከቦታ ወደ ቦታ ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት መያዝ የተለመደ ሆነ፤ በቀይ ሽብር ዘመን የነበረው የቤት ለቤት አሰሳና «ነፃ እርምጃ» የተባለው ያለ ፍርድ ግድያ ደግሞ የቀበሌ ጥበቃው ራሱ ከሳሽ፣ ፈራጅና ቅጣት አስፈጻሚ የሆነበትን አሠራር አስለመደ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም በፋብሪካዎችና በመሠረተ ልማቶች ዙሪያ በ50 ሜትር ርቀት ውስጥ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መገኘት ተከልክሎ ነበር።

የኮቪድ-19 ዘመን ጉዳዩን በአዲስ መልክ አመጣው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕሙም መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ከተደረገ በኋላ፣ የአማራ ክልል በዚያው ወር መገባደጃ ባሕር ዳርን፣ እንጅባራን፣ ቲሊሊንና አዲስ ቅዳምን ለ14 ቀናት ዘጋ፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት መጋቢት 30 ቀን ያወጣውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሚያዝያ 2 ቀን አጸደቀው። አዋጁ እጅግ አጭር ነበር፤ የሚታገዱትን መብቶች ዝርዝር ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ትቶ፣ ምክር ቤቱም በደንብ ቁጥር 466/2012 ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብንና መጨባበጥን ከለከለ፤ ጥሰቱንም እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር መቀጮ እንዲያስቀጣ አደረገ። በግንቦት ወር በአዲስ አበባ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አላደረጉም ተብለው ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በፖሊስ መያዛቸው የደንቡን ዓላማና የአፈጻጸሙን ተቃርኖ በግልጽ አሳየ፤ ሰው ከሰው እንዲራራቅ የወጣን ሕግ ለማስከበር ሰዎችን በጅምላ ወደ ጣቢያ መውሰድ ሕጉ ሊከላከለው የተነሣውን አደጋ መፍጠር ነውና።

እንዲህ ያለው ደንብ በሰሜን ሸዋ ወደሚገኙት መንዝ፣ ግሼና መርሐ ቤቴ ሲደርስ የሚገጥመው ሕይወት ከከተማው በጣም የተለየ ነው። በመንዝ የመሐል ሜዳ ሰው ከፍ ያለ ሕክምና ሲፈልግ በሞላሌና በመዘዞ በኩል ጣርማ በር ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን ይጓዛል፤ በመርሐ ቤቴ የዓለም ከተማ ሰው ወደ አዲስ አበባ ለመድረስ የጀማን ሸለቆ ወርዶ ይወጣል። በጉን ወይም ባናውን ለመሸጥ ገበያ የሚወርድ ገበሬ ጉዞው በእግር በመሆኑ ቤቱ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ከመሸ ነው፤ ቀብር፣ ሰንበቴና ማኅበርም በአራት ሰው የሚፈጸሙ አይደሉም። ሚሊሻው ደግሞ የዚያው ቀበሌ ገበሬ ስለሆነ፣ ለቅሶውን እንዲበትን የሚታዘዘው የገዛ ዕድርተኞቹን ነው፤ በዚህ መካከል ዝምድናም ቂምም አብረው ወደ ሥራው እንደሚገቡ ሕግ አውጪው አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባ ነበር።

የአካባቢው ሰው ገደብን በጥላቻ ብቻ ያያል ማለት ግን ስሕተት ነው። በመንዝ የጓሳ መሬት የአስቦና የጌራ ተወላጆች በመረጧቸው አለቆች አማካይነት ከሦስት እስከ አምስት ለሚደርሱ ዓመታት ለግጦሽም ለሣር አጨዳም እየተዘጋ ይጠበቅ ነበር፤ ይህም ሥርዓት እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ለዘመናት ጸንቶ ኖሯል። የጸናውም ማን እንደዘጋው፣ ለምን እንደተዘጋና መቼ እንደሚከፈት ሁሉም ስለሚያውቅ ነበር።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 6/2015 ከዚህ በተቃራኒው የቆመ ነበር። አዋጁ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሰርንና መፈተሽን ፈቀደ፤ ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢትም ሰዓት እላፊ ከታወጀባቸው ከተሞች መካከል ነበሩ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በነሐሴ ወር ባወጣው መግለጫ በደብረ ብርሃን በሆስፒታል፣ በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ፣ እንዲሁም በመኖሪያ ሰፈራቸውና በሥራ ላይ የነበሩ ሲቪሎች የጉዳት ሰለባ መሆናቸውን ገልጿል። አዋጁ በጥር 2016 ዓ.ም. ለአራት ወራት ተራዝሞ በአጠቃላይ አሥር ወራት ቆየ።

የችግሩ ሥር የሚገኘው ሥልጣኑና ቁጥጥሩ በተራራቁበት ቦታ ላይ ነው። አዋጁን በተግባር የሚተረጉመው ኬላ ላይ ገመድ ይዞ የቆመው ዝቅተኛው አስከባሪ ሲሆን፣ ሕገ መንግሥቱ ያቋቋመው የሰባት አባላት መርማሪ ቦርድ የሚመረጠው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ሪፖርት የሚያቀርበውም ለዚሁ ምክር ቤት ነው። ቦርዱ የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ የማድረግ ግዴታ አለበት፤ ግዴታው በአግባቡ ቢፈጸም እንኳ በግሼ ራቤል ኬላ ላይ ተደብድቦ ሳይታሰር የተለቀቀ ገበሬ በዚያ መዝገብ ላይ አይገኝም።

ሌሎች አገሮች በወረርሽኙ ጊዜ ለተመሳሳይ ጥፋት የሰጡት ምላሽ ትምህርት አለው። በናይሮቢ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ሰዓት እላፊ ሲያስከብር በነበረ ፖሊስ ጥይት የ13 ዓመት ልጅ በቤቱ ሰገነት ላይ እንዳለ ሲገደል፣ ከፖሊስ ነፃ የሆነ የቁጥጥር ባለሥልጣን ምርመራ አካሂዶ አንድ የፖሊስ አባል በነፍስ ግድያ ተከሰሰ። በደቡብ አፍሪካም አንድ ሰው በቤቱ ግቢ በወታደሮች ተደብድቦ ከሞተ በኋላ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 መንግሥት የአስከባሪዎችን የሥነ ምግባር ደንብና የኃይል አጠቃቀም መመሪያ እንዲያሳትም፣ ዜጎች አቤቱታ የሚያቀርቡበትንም መንገድ በይፋ እንዲያሳውቅ አዘዘ። በሰሜን ሸዋ ደጋም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፦ የገደቡ ሰዓት፣ ለሕመም፣ ለወሊድና ለቀብር የሚፈቀደው ማለፊያ፣ የአስከባሪው መለያ ቁጥርና አቤቱታ የሚቀበለው ከፖሊስ ውጭ የሆነ ሰው በየወረዳው ከተማና በየኬላው በአማርኛ ተጽፎ መለጠፍ፤ ይህም ገደቡ ከሚጀምርበት ቀን አስቀድሞ መፈጸም አለበት።