ብግነትና አእምሮ፦ በወንድና በሴት ሰውነት

ጉንፋን የጣለው ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ምግብ ያስጠላዋል፤ ጠያቂ ቢመጣም ጨዋታ አይጥመውም። እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ቤንጃሚን ሃርት ይህ ኩርፊያ የሚመስል ጠባይ ሰውነት በሽታን ለመዋጋት ጉልበት የሚቆጥብበት ስልት ነው ሲል ጻፈ። የበሽታውን ወሬ ለአንጎል የሚያደርሱት ሳይቶካይን የሚባሉት፣ ብግነትን (ሰውነት በሽታን ሲዋጋ የሚያነሣውን የመከላከያ ምላሽ) የሚቀሰቅሱት የመከላከያ ሥርዓቱ መልእክተኞች ናቸው። መልእክቱ ሲበዛ የሚከተለው በሄፓታይተስ ሲ ሕሙማን ላይ ታይቷል፤ ኢንተርፌሮን አልፋ የተባለውን ሳይቶካይን በመርፌ ከወሰዱት ሩብ ያህሉ ድባቴ ውስጥ ገብተዋል።

ታዲያ ይህ መልእክት ወንድንና ሴትን እኩል ይነካል? በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የናኦሚ አይዘንበርገር ቡድን ለጤነኛ ፈቃደኞች ጥቂት የባክቴሪያ መርዝ ሰጥቶ ፈተነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ውጤት የሁለቱም ጾታዎች ሳይቶካይን ጨምሯል፤ ስሜታቸውም ከፍቷል። ከሰው የመነጠል ስሜት ግን በሴቶቹ ላይ በረታ፤ ሳይቶካይናቸው በጨመረ መጠንም ስሜቱ ጨመረ። በወንዶቹ ይህ ዝምድና አልታየም።

የሴቶች የመከላከያ ሥርዓት በአብዛኛው ፈጣንና ብርቱ ነው። ኢስትሮጅን ፀረ እንግዳ አካላት እንዲመረቱ ያግዛል፤ ቴስቶስትሮን ደግሞ ልጓም ይሆናል። በሴቶች ሕዋስ ከሁለቱ ኤክስ ክሮሞዞሞች አንዱ ዝም ቢሰኝም፣ ቲኤልአር7ን የመሳሰሉ የመከላከያ ጂኖች አንዳንዴ ከዝምታው ያመልጣሉ። የዚህ ብርታት ዕዳው ሰውነት ራሱን ማጥቃቱ ነው፤ እንዲህ ባሉ ሕመሞች ከሚያዙት አምስት ሰዎች አራቱ ያህል ሴቶች ናቸው።

ዕዳው አእምሮ ድረስ እንደሚደርስ ጆሴፕ ዳልማውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 አሳይተዋል። ያጠኗቸው 12 ሴቶች በድንገት ጠባያቸው ተለውጦ ነበር። አብዛኞቹ እንቁላል በሚመረትበት ዕጢ ላይ እባጭ ነበረባቸው፤ እባጩን ለማጥቃት የተነሣው መከላከያ የአንጎልንም ተቀባይ ፕሮቲን መታ። እንዲህ ያሉ ሕሙማን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወሰዱት ወደ አእምሮ ሐኪም ነው፤ ፈውሳቸው ግን እባጩን ማውጣትና መከላከያውን ማብረድ ነው።

የወንዶቹ ፈተና ቀደም ብሎ ይመጣል። በአይጦች ላይ እንደታየው፣ ማይክሮግሊያ የተባሉት የአንጎል ዘበኛ ሕዋሳት ከውልደት በኋላ ባሉት ቀናት በአንዳንድ የአንጎል ክፍሎች በወንዶቹ ይበዛሉ፤ ከፍ ሲሉ ግን ብዛቱ ወደ ሴቶቹ ያደላል። በሰው ዘንድም ኦቲዝም በወንድ ልጆች ላይ በብዛት ይመዘገባል፤ ስኪዞፍሬኒያም በወንዶች ቀድሞ ይጀምራል። ድባቴ ከጉርምስና በኋላ በሴቶች ላይ ወደ እጥፍ ይጠጋል። እርግጥ ጥቃት፣ ድህነትና የቤት ጫና የሚያመጡትን በሳይቶካይን ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

የምርምር ዘርፉ ለዚህ የጾታ ልዩነት ዘግይቶ የነቃበት ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ቆጠራ በነርቭ ሳይንስ በሴት እንስሳት ብቻ ለተሠራ አንድ ጥናት በወንድ ብቻ የተሠሩ 5.5 ጥናቶች እንደነበሩ አሳየ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ተመራማሪዎች ጾታን ከግምት እንዲያስገቡ ይጠይቃሉ።

ሕክምናውም ትምህርት ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ድባቴያቸው አልድን ላለ 60 ሕሙማን ኢንፍሊክሲማብ የተባለ ብግነት አብራጅ ወይም ማስመሰያ መድኃኒት ተሰጠ። በጥቅሉ ልዩነት አልታየም። በደማቸው የብግነት ምልክት ከፍ ያለባቸው ግን በኢንፍሊክሲማቡ የመሻል አዝማሚያ ታየባቸው፤ ዝቅ ያለባቸው ደግሞ በማስመሰያው ተሻላቸው። ጋቢ ለተከናነበ ሁሉ አንድ መድኃኒት አይታዘዝም፤ ጾታውም፣ ዕድሜውም፣ ደሙም ይጠየቃል።