ያውቁ ኖሯል? ከፀጉር ቤት እስከ ዳኝነት ወንበር

ከሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት በመመረቅ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ የሆነው ጆርጅ ሉዊስ ሩፊን፣ ጠበቃ ከመሆኑ በፊት የዕለት ጉርሱን ያገኝ የነበረው በፀጉር አስተካካይነት እንደሆነ ያውቁ ኖሯል?

ሩፊን እ.ኤ.አ. በ1834 በቨርጂኒያ ግዛት፣ በሪችመንድ ከተማ ነፃ ከሆኑ ጥቁር ወላጆች ተወለደ። በቨርጂኒያ ነፃ ጥቁሮችም እንኳ ተሰብስበው ፊደል እንዳይቆጥሩ ሕግ ይከለክል ነበር። በዚህ ምክንያት ቤተሰቡ በ1853 ልጆቹን ለማስተማር ወደ ቦስተን ተሰደደ። ሩፊን በዚያ ፀጉር እየቆረጠና ጢም እየላጨ በትርፍ ሰዓቱ የሕግ መጻሕፍት ያነብ ጀመር፤ ቀጥሎም በአንድ የጠበቆች ቢሮ ሕግ አጠና። ከሃርቫርድ የተመረቀው በ1869 ሲሆን፣ ባርነት በመላ አሜሪካ በሕግ ከቀረ ገና አራት ዓመቱ ነበር።

በዚያው ዓመት ለማሳቹሴትስ ግዛት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተመረጠ። በ1883 ደግሞ የግዛቱ ገዢ ቤንጃሚን በትለር የቻርልስታውን ማዘጋጃ ፍርድ ቤት ዳኛ አድርጎ ሾመው፤ በማሳቹሴትስ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛም ሆነ። በ1886 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ በዚሁ ወንበር ላይ ቆይቷል።

ባለቤቱ ጆሴፊን ሴንት ፒየር ሩፊንም ስመ ጥር የሴቶች መብት ታጋይና የጋዜጣ አዘጋጅ ነበረች።