ከምላጭ በፊት፦ ስለ ወላድ ቁስልና ስለ ቆዳ ንጽሕና

አንዲት እናት ምጧ ጠንቶ ወይም ፅንሱ ተጨንቆ በቀዶ ጥገና ስትወልድ፥ በደጅ የቆመው ዘመድ አዝማድ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ እናቲቱ ተርፋለች ወይ? ሕፃኑስ አልቅሷል ወይ? ሁለቱም መልካም ከሆነ ምስጋናው ለፈጣሪ፥ ቀጥሎም ለሐኪሙ ይደርሳል፤ ነገሩም በዚያው የተፈጸመ ይመስላል። ይሁን እንጂ ስፌቱ የሚያመረቅዝ እንደ ሆነ፥ የሚያመረቅዘው ብዙውን ጊዜ ከአራተኛው ቀን በኋላ፥ እናቲቱ ከሆስፒታል ወጥታ በአራስ ቤቷ ተኝታ ሳለች ነውና፥ ምላጩን የያዘው እጅና መግሉን የሚያየው ዓይን በአንድ ስፍራ አይገናኙም። ከምላጭ በፊት ቆዳን ስለ ማንጻት የሚደረገው ክርክር ይህን ያህል ዘመን የረዘመው፥ ከሌላው ምክንያት ይልቅ በዚህ መለያየት ይመስለኛል።

የሰው ቆዳ ታጥቦ ንጹሕ ቢመስልም ረቂቃን ተሐዋስያን አይታጡበትም። በጤና ጊዜ ጉዳት ሳያደርሱ ይኖራሉ፤ ምላጭ መንገድ ከከፈተላቸው ግን ወደ ስቡና ወደ ሥጋው ገብተው ይራባሉ። በምትወልድ ሴት ላይ ደግሞ ሌላ መግቢያ ይጨመራል፤ የእንሽርት ውኃዋ ፈስሶ ብዙ ሰዓት ያለፈ እንደ ሆነ፥ ከማሕፀን በታች የነበሩት ተሐዋስያን ሽቅብ ይወጣሉ። ስለዚህም በቀዶ ጥገና የወለደች እናት በተፈጥሮ መንገድ ከወለደችው ይልቅ ከ5 እስከ 20 እጥፍ ለኢንፌክሽን የተጋለጠች ናት። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአፍሪካ በዚህ መንገድ ከሚወልዱት እናቶች እስከ 20 በመቶ የሚደርሱት ቁስላቸው እንደሚያመረቅዝ አስታውቋል።

ጥንተ ነገሩን የመረመረ ሰው ኢግናዝ ዜመልቫይስን ሳያነሣ አያልፍም። ይህ ሐኪም በ1847 በቪየና ሆስፒታል፥ ሬሳ መርምረው በቀጥታ ወደ ወላዶች የሚገቡት ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ ባዘዘ ጊዜ፥ በሚያዝያ ወር ከ100 ወላዶች 18 ያህሉ ይሞቱበት በነበረው ክፍል ሞቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 2 ገደማ ወረደ፤ ባልንጀሮቹ ግን ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። ጆሴፍ ሊስተር በ1867 በካርቦሊክ አሲድ ቁስልን ስለ መጠበቅ ጻፈ፤ አንቶኒዮ ግሮሲክም በ1908 ከቀዶ ጥገና በፊት ቆዳን በአዮዲን መቀባትን አስተማረ።

ከዚያ ወዲህ ክሎርሄክሲዲን በ1950ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር ተገኘ፤ ቤታዲን እየተባለ የሚታወቀው ቡናማ የአዮዲን ፈሳሽም በዚያው ዐሥርት ዓመት ተሠራ። አዮዲኑ ብዙ ዓይነት ተሐዋስያንን ይገድላል፥ ደም ሲነካው ግን ኃይሉ ይደክማል፤ ክሎርሄክሲዲን ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ለሰዓታት ይቆያል። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ በ1,147 ወላዶች ላይ ተደርጎ በ2016 የታተመው ምርምር፥ ሁለቱ ከአልኮል ጋር ተቀላቅለው ሲመዘኑ፥ በክሎርሄክሲዲን ከተቀቡት 4.0 በመቶ፥ በአዮዲን ከተቀቡት 7.3 በመቶ ቁስላቸው እንዳመረቀዘ አሳየ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት አልኮል ያለበትን ክሎርሄክሲዲን መከረ። በ2021 የታተመው ሌላ ምርምር ግን ከጋና እስከ ሕንድ በ7 አገሮች በሆድ ቀዶ ጥገና 5,788 ሕሙማንን መርምሮ፥ አልኮል ያለበት ክሎርሄክሲዲን በውኃ ከተዘጋጀው አዮዲን የሚበልጥበትን ማስረጃ አላገኘም። ከዚህ የምንረዳው የጠርሙሱ ስም ብቻውን ለቁስል ጠባቂ እንደማይሆን ነው።

ጠባቂው የአቀባቡ ሥርዓት ነው። ምላጭ የቆዳውን ገጽ በማይታይ ሁኔታ ስለሚያቆስል ፀጉር አይላጭም፤ የግድ ከሆነ በመቁረጫ ማሽን ይከረከማል። መድኃኒቱ መቀደጃውን አልፎ በስፋት ይቀባል፤ አልኮል ያለበትም ከሆነ ቢያንስ 3 ደቂቃ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ የሚገድለው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነውና፥ ደግሞም እርጥብ ሆኖ ሳለ ደም ማቆሚያው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ቢነካው ሊቀጣጠል ይችላልና። በተከፈተ ጠርሙስ ላይ እየጨመሩ መገልገልም፥ ተሐዋስያን በመድኃኒቱ በራሱ ውስጥ እንዲያድሩ ያደርጋል። ፀረ ተሐዋስያን መርፌውም ከምላጩ በፊት ይሰጣል። የፅንሱ የልብ ትርታ ሲወርድ፥ ሌሊት በአንዲት አዋላጅና በአንድ ሐኪም በሚሠራበት ክፍል፥ 3 ደቂቃ የዘላለም ያህል ይረዝማል፤ ስለዚህ ዕቃውና የሥራው ክፍፍል ጥድፊያው ሳይመጣ መሰናዳት አለበት።

በአገራችን ይህ ጉዳይ ከባድ የሚሆነው ቀዶ ጥገናው ገና እየተስፋፋ ያለ በመሆኑ ነው። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በቀዶ ጥገና የሚወለዱት በመላው አገሪቱ 2 በመቶ ገደማ፥ በአዲስ አበባ ግን 21 በመቶ ነበሩ። ከ2009 ጀምሮ የሠለጠኑት የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና መኰንኖች አገልግሎቱን ወደ ገጠር ሆስፒታሎች አደረሱ፤ ምላጩ በደረሰበት ሁሉ ግን ንጽሕናው አብሮት መድረሱ የግድ ነው። ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ከኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ጋር «ክሊን ከት» በሚል ስም በ5 ሆስፒታሎች ያካሄደው ሥራ ለዚህ ምስክር ነው፤ የእጅና የቆዳ ንጽሕና፥ የመርፌው ሰዓት፥ የጨርቁና የመሣሪያው መቀቀል ከየት ላይ እንደሚዛነፍ አንድ በአንድ ፈልገው ሲያርሙ፥ የቀዶ ጥገና ቁስል ማመርቀዝ በሲሶ ያህል ቀነሰ።

ዜመልቫይስ እውነቱን ሊያይ የቻለው ወላዶቹ በዚያው በሚሠራበት ቤት ይሞቱ ስለ ነበር፥ መዝገቡም በእጁ ስለ ነበር ነው። የዛሬዋ እናት ግን የቁስሏን ጉዳይ ይዛ ወደ መንደሯ ትሄዳለች፤ የማይመለሰውም ወሬ ለሆስፒታሉ እንደ መልካም ወሬ ይቈጠራል። ስለዚህ መድኃኒት ከመግዛቱ እኩል የሚያስፈልገው፥ ቁስሉ እስከ 30 ቀን ድረስ በስልክ ወይም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እየተጠየቀ፥ መልሱም ቆዳውን ላነጻው ሰው ራሱ እንዲደርስ ማድረግ ነው፤ ሠራተኛ የሥራውን ፍጻሜ ካላየ፥ የትኛው እጁ እንደ ጐደለ ሊያውቅ አይችልምና።