የድምፅ ቤተ ሙከራዎች፦ ኤሌክትሮአኩስቲክ ሙዚቃ በዩኒቨርሲቲ

ኤሌክትሮአኩስቲክ ሙዚቃ በማይክሮፎን የተቀረጸ ወይም በኤሌክትሪክ መሣሪያ የተፈጠረ ድምፅን ጥሬ ዕቃው አድርጎ የሚደረስና ለአድማጭ በድምፅ ማጉያ የሚቀርብ የሙዚቃ ዓይነት ነው። ድምፃዊው በማይክሮፎን ስለዘፈነ ወይም ባንዱ ኪቦርድ ስላለው ብቻ አንድ ሙዚቃ በዚህ ስም አይጠራም፤ እዚያ ዜማው አስቀድሞ ተደርሷል፣ የኤሌክትሪኩ ድርሻ ማጉላት ነው። በኤሌክትሮአኩስቲክ ሙዚቃ ግን የሚደረሰው ድምፁ ራሱ ነው። ደራሲው የደወል ጩኸትን፣ የሰው ትንፋሽን፣ የባቡር ኳኳታን ወይም ከማሽን የወጣ ንጹሕ ሞገድን ይወስድና ያረዝመዋል፣ ያሳጥረዋል፣ የኋላውን ወደፊት ይገለብጠዋል፣ ከሌላ ድምፅ ጋር ያዋሕደዋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ሙዚቃ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያደገበት በቂ ምክንያት አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድምፅ መቅረጫና ማመንጫ መሣሪያዎች ዋጋቸው በግለሰብ አቅም የሚቀመስ አልነበረም። ሥራው የሙዚቃ ደራሲና መሐንዲስ አብረው እንዲቀመጡ ያስገድዳል። ጥቂት ደቂቃ የሚሰማን ድርሰት ለማዘጋጀት ወራት ይፈጃል፤ ለዚያ ሁሉ ጊዜ የሚከፍል የሸክላ አሳታሚ አልነበረም። በአውሮፓ ይህን ወጪ የተሸከሙት በፓሪስና በኮሎኝ እንደነበሩት ያሉ ሬዲዮ ጣቢያዎች ሲሆኑ በአሜሪካ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ።

የታሪኩ መነሻ ብዙ ጊዜ ከፓሪስ ይቆጠራል። ፒየር ሼፈር የተባለው የፈረንሳይ ሬዲዮ ባልደረባ በ1948 የባቡር ድምፆችን ቀርጾ፣ ቆራርጦና ደጋግሞ ያቀናበረው አጭር ሥራ በሬዲዮ ተላልፏል። ሆኖም ከእርሱ 4 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1944፣ ሐሊም ኤልዳብ የተባለ ወጣት ግብፃዊ ካይሮ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ሠርቶ ነበር። ኤልዳብ ከአንድ የሬዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅረጫ ተዋሰ። ይህ መሣሪያ ድምፅን እንደ ፀጉር በቀጠነ የብረት ሽቦ ላይ በማግኔት የሚይዝ፣ ከቴፕ የቀደመ መቅረጫ ነው። በእርሱም ሴቶች የዛር ሥነ ሥርዓት ላይ በከበሮ የሚያዜሙትን ቀረጸ። ዛር ከኢትዮጵያ እስከ ሱዳንና ግብፅ የሚታወቅ በመሆኑ የከበሮውና የሴቶቹ ድምፅ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ባዕድ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ነው ቅጂውን ድርሰት ያሰኘው። ድምፁን በሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ እያጫወተ መልሶ ቀረጸው፤ የዋናውን ድምፅ መሠረት ቀንሶ በላዩ የሚያንዣብበውን ረቂቅ ቅሪት ብቻ አስቀረ። ቃላቱ ጠፍተው የሰው ድምፅ እንደ ነፋስ ያለ ነገር ሆነ። ሥራው በካይሮ የሥዕል አዳራሽ ለሕዝብ ቀረበ። እስከ ዛሬ የሚሰማው 2 ደቂቃ ያህል የሚሆነው ቁራጭ ብቻ ነው። የዚህ ሙዚቃ ታሪክ ሲጻፍ የካይሮው ሥራ ለረጅም ጊዜ ሳይነሣ መቅረቱ ትልቅ ጉድለት ነው።

በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጉዳዩ የጀመረው በአንድ የቴፕ መቅረጫ ነው። ማሽኑ የተገዛው የተማሪዎችን ኮንሰርት ለመቅረጽ ነበር። ኃላፊነቱ የተሰጠው መምህር ቭላዲሚር ኡሳቼቭስኪ ግን ማሽኑ ድምፅን ከመያዝ አልፎ መለወጥ እንደሚችል አስተዋለ። ቴፑ በሰከንድ 38 ሳንቲሜትር ያህል ይጓዛል። በግማሽ ፍጥነት ሲጫወት ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወርዳል፣ ርዝመቱም እጥፍ ይሆናል። ቴፑን በምላጭ ቆርጦ በማጣበቂያ መቀጠል ይቻላል። የፒያኖ ኖታ የሚመታበት የመጀመሪያው ቅጽበት ከተቆረጠ የሚቀረው ድምፅ የፒያኖ መሆኑ አይታወቅም። የ1 ደቂቃ ሙዚቃ ማለት 23 ሜትር ያህል ቴፕ በመሆኑ ደራሲዎቹ ጊዜን በማስመሪያ ይለኩ ነበር፤ ግማሽ ሰከንድ 19 ሳንቲሜትር ነው።

ኡሳቼቭስኪ ሙከራዎቹን ግንቦት 1952 ላይ ለአድማጮች አሰማ። ፍሉት ተጫዋችና ደራሲ የሆነው ኦቶ ሉኒንግ አብሮት ሠራ፤ ፒተር ሞዚ የተባለ መሐንዲስም ድምፅ እየተመላለሰ የሚያስተጋባበትን መሣሪያ ገጠመላቸው። በዚያው ዓመት ጥቅምት 28 ቀን በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሥራዎቻቸውን አቀረቡ። የሉኒንግ ፍሉት በተፈጥሮው ሊደርስበት ወደማይችል ወፍራም ድምፅ ሲወርድ አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሰሙ። በ1959 የሮክፌለር ፋውንዴሽን 175,000 ዶላር ሰጥቶ ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ጋር በጋራ የኮሎምቢያ ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ተቋቋመ።

የማዕከሉ ታላቅ ዕቃ አርሲኤ ኩባንያ የሠራው ማርክ ሁለት ሲንተሳይዘር ነበር። አንድ ክፍል የሚሞላ፣ በርካታ የቫኪዩም ቱቦዎች የሚግሉበት ግዙፍ ማሽን ነው። በጣት የሚነካ ኪቦርድ ኖሮት የሚጫወቱት አይደለም። ደራሲው የእያንዳንዱን ድምፅ ቅጥነት፣ ርዝመት፣ ጉልበትና ቀለም በወረቀት ጥቅልል ላይ በቀዳዳ ምልክት ይመዘግባል፤ ማሽኑም ቀዳዳዎቹን እያነበበ ድምፁን ያወጣል። ብዙዎች ትዕግሥታቸው አልቆ ተዉት። ሚልተን ባቢት ግን የሒሳብም የሙዚቃም ሰው በመሆኑ በዚህ ማሽን ዓመታት አሳለፈ፤ የሰው ጣት ሊጠብቀው የማይችለውን የምት ትክክለኛነት ማሽኑ ይጠብቅለታልና። በ1964 የደረሰው ‹ፊሎሜል› ሶፕራኖ ዘፋኝ መድረክ ላይ ስትዘፍን የተቀረጸውና የተለወጠው የራሷ ድምፅ ከስፒከር እየመለሰላት የሚሄድ ነው። የማሽኑን ሥራ ደረቅ ነው የሚል ሰው ይህን ቢሰማ ሐሳቡን ይለውጣል።

ማዕከሉ ከሩቅ አገር የመጡ ደራሲዎችን መጋበዙ ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀ ውለታው ነው ማለት ይቻላል። ቡለንት አሬል ከቱርክ፣ ማሪዮ ዳቪዶቭስኪ ከአርጀንቲና መጡ። ሐሊም ኤልዳብም ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ እዚያ ገባ። በ1959 የጀመረው ‹ለይላና ገጣሚው› የሰው ንግግርን፣ የባህል መሣሪያንና የኤሌክትሮኒክ ድምፅን ያገናኘ ሥራ ሲሆን በ1964 ከማዕከሉ ሌሎች ሥራዎች ጋር በሸክላ ታትሟል። ኤልዳብ በሸክላው ላይ ካሉት ደራሲዎች የሚለየው ድምፅን በሒሳብ ስሌት ሳይሆን በጆሮው እየፈተነ በመቅረጹ ነው፤ ሥራውም ዛሬ ሲሰማ ያላረጀው በዚሁ ይመስላል።

ሸክላው ከመውጣቱ በፊት ኤልዳብ ከኒው ዮርክ ርቆ ነበር። ከ1962 እስከ 1964 በአዲስ አበባ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ ሠርቷል። በ1963 ደግሞ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ፤ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ በገናና ከበሮ ለየብቻ ከሚሰሙበት ልማድ ወጥተው ባንድ መድረክ ተሰለፉ። ኦርኬስትራውን ኋላ ላይ ተስፋዬ ለማ መርቶታል። ቡድኑ ኤሌክትሮኒክ ድምፅ አልተጠቀመም። ይሁን እንጂ የተለያየ ምንጭ ያላቸውን ድምፆች ጎን ለጎን አስቀምጦ የእያንዳንዱን ቀለም ማዳመጥ ከካይሮው ሽቦ ጀምሮ የኤልዳብ አሠራር ነው። ኤልዳብ በ2017 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት አረፈ።

የቴፕ ዘመን ገና ሳያበቃ ኮምፒውተር መጣ። በ1957 በኒው ጀርሲው የቤል ቤተ ሙከራ መሐንዲስ የነበረው ማክስ ማቲውስ ኮምፒውተር ድምፅ እንዲያሰላ የሚያደርግ ፕሮግራም ጻፈ፤ በመጀመሪያ የወጣው ሙዚቃ 17 ሰከንድ ብቻ ነበር። መሠረተ ሐሳቡ ቀላል ነው። ከስፒከር የሚወጣ ማንኛውም ድምፅ የስፒከሩ ንዝረት ነው፤ ንዝረቱም በተከታታይ ቁጥሮች ሊጻፍ ይችላል። በሲዲ ጥራት ለአንድ ስፒከር በሰከንድ 44,100 ቁጥር ያስፈልጋል። ቁጥሮቹን ማስላት የሚችል ማሽን እስካለ ድረስ በመርህ ደረጃ የማይሠራ ድምፅ የለም። ችግሩ የትኞቹ ቁጥሮች ለጆሮ የሚጥም ድምፅ እንደሚሰጡ ማወቁ ላይ ነው።

ይህን ችግር በከፊል የፈታው ጆን ቾውኒንግ የተባለ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህርና የከበሮ ተጫዋች ነው። ዘፋኝ ድምፁን ሲያርገበግብ ቅጥነቱ በሰከንድ 6 ጊዜ ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። ቾውኒንግ በ1967 ይህን ርግብግቢት በኮምፒውተር እያፈጠነ ሲሞክር አንድ ነገር ሰማ፤ ፍጥነቱ በሰከንድ በአሥሮችና በመቶዎች ሲደርስ ጆሮ ርግብግቢቱን መስማት ያቆምና በምትኩ ፍጹም አዲስ የድምፅ ቀለም ይሰማል። በሁለት ሞገዶች ብቻ ደወል፣ ናስ መለከት ወይም ከዚያ በፊት ያልተሰማ ድምፅ ማውጣት ተቻለ። የአሜሪካ ኦርጋን አምራቾች ጥቅሙ አልታያቸውም። የጃፓኑ ያማሃ ፈቃዱን ከዩኒቨርሲቲው ወሰደ፤ በ1983ም ዲኤክስ 7 የተባለውን ኪቦርድ አወጣ። ኪቦርዱ ከ100,000 በላይ ተሽጦ ዩኒቨርሲቲው ከፈቃዱ ብዙ ሚሊዮን ዶላር አገኘ። ቾውኒንግና ባልደረቦቹ በ1975 የመሠረቱት የስታንፎርድ የኮምፒውተር ሙዚቃ ምርምር ማዕከል እስከ ዛሬ ይሠራል።

ኢትዮጵያዊ አድማጭ ይህን የምርምር ውጤት ስሙን ሳያውቅ ሰምቶታል። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ያወጣው አልበም ከአኮርዲዮኑ ጎን ዲኤክስ 7 ይሰማበታል። ቾውኒንግ ራሱ ግን ግኝቱን የተጠቀመበት በሌላ መንገድ ነው። በ1972 በሠራው ‹ቱሬናስ› ድምፆቹ በአዳራሹ አራት ማዕዘን በቆሙ ስፒከሮች መካከል በአድማጩ ዙሪያ ይበርራሉ።

ከዚህ ላይ የአቀራረቡ ጥያቄ ይነሣል፤ በመድረክ ላይ ተጫዋች በሌለበት ኮንሰርት ምን ይታያል? የመጀመሪያው መልስ ስፒከሮቹን ራሳቸውን እንደ ኦርኬስትራ መቁጠር ነው። በ1974 ፍራንስዋ ቤይል ፓሪስ ውስጥ ያቋቋመው ‹አኩስሞኒየም› መጠናቸውና ጠባያቸው የተለያየ በአሥሮች የሚቆጠሩ ስፒከሮች መድረኩንና አዳራሹን የሚሞሉበት ነው። የእንግሊዙ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲም ከ1982 ጀምሮ ተመሳሳይ ሥርዓት አለው። ደራሲው ከአዳራሹ መሐል፣ ከሕዝቡ ጋር ተቀምጦ በማደባለቂያው ላይ እጁን ያንቀሳቅሳል፤ ይህን ድምፅ ከሩቅ ያስመጣዋል፣ ያንን ከአድማጩ ጀርባ ያስነሣዋል። ቅጂው አንድ ቢሆንም ሁለት ምሽት አንድ ዓይነት አይሆንም።

ሁለተኛው መንገድ ሕያው ተጫዋችን ከተቀረጸ ድምፅ ጋር ማጫወት ነው። ዳቪዶቭስኪ በ1971 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘበት ‹ሲንክሮኒዝምስ ቁጥር 6› የዚህ ዓይነቱ ነው። ፒያኖ አንዴ ከተመታ በኋላ ድምፁ ከመክሰም በቀር ምርጫ የለውም። በዚህ ሥራ መክፈቻ ላይ ግን ፒያኒስቱ አንድ ኖታ ይመታል፤ ድምፁ መድከም ሲገባው ከስፒከሩ በሚወጣው ድምፅ እየጎለበተ ይሄዳል። በዚያች አጭር ቅጽበት ኤሌክትሮኒኩ ለአሮጌው መሣሪያ ያደረገለት ነገር በግልጽ ይሰማል። የዘዴው ድካም ቴፑ ተጫዋቹን አለመጠበቁ ነው፤ ፒያኒስቱ ቢዘገይ ማሽኑ ጥሎት ይሄዳል።

ሦስተኛው መንገድ ይህን ቀንበር ለማንሣት የመጣ ነው። በ1977 ፓሪስ ላይ በፒየር ቡሌዝ መሪነት ሥራ በጀመረው ኢርካም የምርምር ተቋም ኮምፒውተሩ የተጫዋቹን ድምፅ እየሰማ በኖታው ላይ የት እንደደረሰ እንዲከታተልና እዚያው እንዲመልስለት ተደረገ። ሚለር ፓኬት በ1980ዎቹ እዚያ የጀመረው ‹ማክስ› የተባለ ፕሮግራም ዛሬ በብዙ የዩኒቨርሲቲ ስቱዲዮዎች ይሠራበታል። ከዚያው ተቋም የወጣው የጆናታን ሃርቪ የ1980 ሥራ ደግሞ የአንድ ካቴድራል ታላቅ ደወልንና የደራሲውን ልጅ የዝማሬ ድምፅ ወስዶ አንዱን ቀስ በቀስ ወደ ሌላው ይለውጣል፤ ደወሉ የት አብቅቶ ልጁ የት እንደጀመረ አይለይም።

ይህ ሁሉ አንድ ከባድ ዕዳ ትቷል። የማሽኑ ዕድሜ ከሙዚቃው ያጥራል። የቆየ ቴፕ ሽፋኑ እየተላጠ ይበላሻል፤ ከ30 ዓመት በፊት የተጻፈ ፕሮግራም በዛሬ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ አይከፈትም። ስለዚህ የማዕከላቱ ሠራተኞች ከፊል ጊዜያቸውን የሚያጠፉት የቀደሙትን ሥራዎች ወደ አዲስ መሣሪያ በማዛወር ነው።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ገንዘብ ግን ዛሬ እጅግ ቀንሷል። ፓኬት ከ‹ማክስ› በኋላ የሠራው ‹ፒዩር ዳታ› በነፃ የሚገኝ ሲሆን በተራ ላፕቶፕ ይሠራል፤ የእጅ ስልክም እንደ መቅረጫ ያገለግላል። ወደዚህ ሙዚቃ አዲስ የሚገባ ሰው በመጀመሪያ የኤልዳብን የዛር ቁራጭ፣ ቀጥሎ የዳቪዶቭስኪን የፒያኖ ሥራ፣ ከዚያም የሃርቪን ደወል በዚሁ ቅደም ተከተል ያድምጥ። በስልክ ስፒከር ግን አይስማቸው፤ ዝቅተኛዎቹ ድምፆች ስለሚጠፉ በጆሮ ማዳመጫ ይሁን።