እየቀነስን ሳለ ሚዛኑ ለምን ይጨምራል?

በዚህ ዕትም የብዙዎቻችንን ቤት የሚነካ ርእስ ይዘን ቀርበናል።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ካራቆሬ ነበርን። የአንዳችን እናት ደማቸው ውስጥ ስኳር በዝቶ በመገኘቱ ክብደት እንዲቀንሱ ሐኪም መክሯቸዋል። እሳቸውም ቆርጠው ተነሡ። ከሻያቸው ስኳር አወጡ፣ እንጀራውን ቀነሱ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወደ አታዬ በሚወስደው አስፋልት ዳር በእግር መሄድ ጀመሩ። ቤት ውስጥ ሚዛን ስለሌለ በየሳምንቱ ገበያ ሲወጡ መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ ከሚቀመጠው ልጅ ዘንድ ይመዘናሉ። በመጀመሪያው ሳምንት 2 ኪሎ ቀነሱ፤ ቤተሰቡ በሙሉ ተደሰተ። በሁለተኛው ሳምንት ምንም ለውጥ የለም። በሦስተኛው፣ የጎረቤት ሰርግ በዋለ ማግስት፣ 1 ኪሎ ጨምረው ተገኙ። «በቃ፣ ልፋቴ ከንቱ ቀረ» ብለው ስኳሩን ወደ ሻዩ መለሱት።

ልፋታቸው ግን እየሠራ ነበር። ያሳዘነንም እሱ ነው፤ ሰውዬው መንገዱን ሳይስት ምልክቱን በትክክል ባለማንበቡ ብቻ ወደ ኋላ ሲመለስ። ስለዚህ ነገሩን በቁጥር እንየው።

በአንድ ቀን ስንት ስብ ይቀንሳል?

1 ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ኪሎ ካሎሪ ጉልበት ይዟል። አንድ ሰው በየቀኑ ከሚያጠፋው ጉልበት 550 ኪሎ ካሎሪ ያህል አሳንሶ ቢመገብ በሳምንት 3,850 ኪሎ ካሎሪ ይጎድላል። ይህ ግማሽ ኪሎ ስብ ነው። ለሰባት ቀን ስናካፍለው በቀን ወደ 70 ግራም ይደርሳል፤ የአንድ ትልቅ እንቁላል ክብደት ማለት ነው። መልካም እና ጤናማ የሚባለው አቀናነስ ይህን ያህል ዝግተኛ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ቁጥር እንይ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጥተን ወዲያው ብንመዘን ግማሽ ኪሎ ገደማ እንጨምራለን። የሳምንት ልፋት የሚያክል ክብደት በአንድ ደቂቃ ገባ ማለት ነው! ስብ ሆነናል? አልሆንም። ሚዛኑ ግን ስብን ከውሃ፣ ውሃን ከምሳ ለይቶ አያውቅም፤ ሁሉንም ደምሮ አንድ ቁጥር ይሰጠናል።

የሰውነታችንን ውሃ ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት ምንድን ናቸው?

አንደኛ፣ ጨው። ሰውነታችን የጨውን መጠን ከውሃ ጋር አመጣጥኖ ይይዛል። ሆስፒታል ውስጥ በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ውሃ በ1 ሊትር 9 ግራም ጨው እንዲኖረው የተደረገው ከደማችን ጋር እንዲስማማ ነው። ስለዚህ ከሰርግ ቤት ወጥ ከወትሮው 4 ወይም 5 ግራም ተጨማሪ ጨው ብናገኝ፣ ኩላሊታችን እስኪያስወግደው ድረስ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ አብሮት ሊቆይ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የስኳር ክምችት። ጉበታችንና ጡንቻችን ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ስንቅ አላቸው። በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ከ400 እስከ 500 ግራም ይሆናል፤ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ምግብ መቀነስ ስንጀምር መጀመሪያ የሚነካው ይህ ስንቅ ነው። ስንቁ ሲያልቅ ውሃውም አብሮ ይወጣል፤ ሚዛኑም በጥቂት ቀናት ውስጥ 1 ወይም 2 ኪሎ ይወርዳል። የእናታችን የመጀመሪያ ሳምንት 2 ኪሎ ብዙው ይህ ነበር። በሰርጉ ቀን እንጀራው፣ ሩዙና ለስላሳው ሲገባ ስንቁ ተሞላ፤ ውሃውም ተመለሰ። ረመዷን ሲገባ የምንቀንሰው፣ ከዒድ በኋላም የሚመለሰው ክብደት ከፊሉ የዚህ ዓይነት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ላብ። የይፋት ቆላ ልጆች ይህን አስረጂ አያስፈልገንም። በሙቀት የከበደ ሥራ የሚሠራ ሰው በሰዓት 1 ሊትር ያህል ሊያልበው ይችላል። ማሽላ ሲያጭድ ውሎ የተመዘነ ሰው ቀንሶ ይገኛል፤ ውሃ ሲጠጣ ይመለሳል።

አራተኛ፣ ሌሎችም አሉ። አንጀት ውስጥ ያለ ምግብ ክብደት አለው። ያልለመድነውን ስፖርት ስንጀምር ጡንቻችን ሲያገግም ውሃ ይይዛል። ብዙ እህቶቻችን የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ውሃ ይይዛሉ፤ ስለዚህ የዘንድሮውን ሳምንት ካለፈው ሳምንት ከማወዳደር፣ ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ማወዳደር ይበጃቸዋል። ልብስም አይረሳ፤ ደጋ ላይ ከነጋቢውና ከነጃኬቱ የተመዘነ ሰው ቆላ ወርዶ በሽርጥ ቢመዘን ያለ ምንም ልፋት ከ1 ኪሎ በላይ «ቀነሰ» ማለት ነው።

የኃይሌ ምሳሌ

እ.ኤ.አ. በ2009 ኃይሌ ገብረሥላሴ የዱባይን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ አሸነፈ። ተመራማሪዎች በኋላ እንዳሳተሙት በዚያ ውድድር ከሰውነቱ ክብደት ወደ 10 ከመቶ የሚጠጋ አጥቷል፤ ከ5 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ስብ ነበር? አንድ ሯጭ በማራቶን የሚያቃጥለው ጉልበት በሙሉ ከስብ መጣ ብንል እንኳ 400 ግራም አይሞላም። የቀረው በአብዛኛው ላብ ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚጠፋ ኪሎ ስብ አይደለም፤ በአንድ ሌሊት የሚመጣ ኪሎም እንዲሁ።

ይህ ነገር ለዑለሞቻችን አዲስ አልነበረም። በ515 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በ1121 ገደማ) አል-ኻዚኒ የተባለው የመርው ከተማ ሊቅ «ሚዛኑል ሒክማ» የተሰኘ መጽሐፍ ጻፈ። በውስጡ ዕቃን በአየርም በውሃም እየመዘነ ንጹሑን ወርቅ ከተቀላቀለው የሚለይ ሚዛን ገልጿል። ሁለት ዕቃዎች እኩል መዝነው አንዱ ወርቅ፣ ሌላው ቅይጥ ሊሆን ይችላልና፣ ክብደት ብቻውን የዕቃውን ማንነት አይነግርም። የእኛም ኪሎ እንደዚያው ነው።

ታዲያ እንዴት እንመዘን?

የምሕንድስና ትምህርት ያስተማረን አንድ ነገር አለ፤ ልኬቱ የሚወዛወዝ ከሆነ ደጋግመህ ለካ፣ አማካዩንም ውሰድ። ለምሳሌ አንዲት እህት በመጀመሪያው ሳምንት ከሰኞ እስከ እሑድ እንዲህ ተመዘነች እንበል፦ 78.4፣ 77.9፣ 78.8፣ 78.1፣ 77.6፣ 78.5፣ 78.2። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ፦ 77.9፣ 78.6፣ 77.4፣ 77.8፣ 77.2፣ 78.0፣ 77.1። ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ብትመዘን ኖሮ ከ77.9 ወደ 78.6 ጨመርኩ ብላ ታዝን ነበር። አማካዩን ስናወጣ ግን የመጀመሪያው ሳምንት 78.2፣ የሁለተኛው 77.7 ነው። ግማሽ ኪሎ ቀንሳለች።

ስለዚህ፦
- ሚዛን ካለን በየቀኑ በአንድ ሰዓት እንመዘን። ሱብሒ ሰግደን፣ ሽንት ቤት ደርሰን፣ ምንም ሳንቀምስ፣ በቀላል ልብስ ቢሆን ይመረጣል። ሚዛኑ አንድ ይሁን፤ የሚቀመጠውም ደልዳላ ወለል ላይ ይሁን።
- ቁጥሩን ጽፈን እንተወው። የምናወዳድረው የሳምንት አማካይን ከሳምንት አማካይ ጋር ነው።
- በሳምንት አንዴ ብቻ የምንመዘን ከሆነ በአራት ሳምንት ውስጥ ያለውን አካሄድ ሳናይ አንፍረድ። ወገባችንን በክር መለካትም ይረዳል፤ እምብርት ላይ እያሰርን ክሩ ላይ ቋጠሮ ማድረግ ነው።
- ቁጥሩን ለማውረድ ብለን ውሃ አንከልክል። በተለይ በሱሑር ውሃ መተው ሚዛኑን ያታልላል እንጂ ስብ አይነካም። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ሁለት ነገር ግን በዝምታ አይታለፍም። ሳያስቡት ክብደት መቀነስ፣ በተለይ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ሳል ጋር፣ ጤና ጣቢያ የሚያስኬድ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ክብደት ጨምሮ እግር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረም ቶሎ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል።

ወደ እናታችን እንመለስ። ልጃቸው ይህን ሁሉ በስልክ አስረዳቸው፤ ከሻሸመኔም ከአዲስ አበባም ሳይሆን ከዚያው ከከተማው ሱቅ ትንሽ ሚዛን ተገዛላቸው። አሁን በየጠዋቱ ቁጥሩን ለታናሽ እህቱ ይነግሯታል፣ እሷ በደብተር ትጽፋለች፣ ጁሙዓ ጁሙዓ አማካዩን ታወጣለች። ባለፈው ሲደውል እንዲህ አሉት፦ «ዛሬ እንኳ ጨምሯል፤ ግን ትናንት ሰደቃ ቤት ነበርኩ፣ አታስብ ልጄ።» ሻያቸው ያለ ስኳር እንደሆነም ነገሩት።

ወሏሁ አዕለም።