አመክሮ ምሕረት አይደለም

ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ክብራን ገብርኤል ወይም ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የወረደ እንግዳ ውኃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ ለአባቶች የሚላላክ ወጣት ያጋጥመው ይሆናል። ወጣቱ ቆብ ገና አልደፋም። ዓለምን ንቆ ቢመጣም ገዳሙ በመጣበት ዕለት አያመነኩሰውም፤ "አመክሮ ላይ ነው" ይባላል። መታዘዙንና ትዕግሥቱን ማኅበሩ ያያል፤ እሱም የገዳሙን ኑሮ ይችለው እንደሆነ ራሱን ይመዝናል።

ከተማ ውስጥ ግን ቃሉን የምንሰማው "እገሌ በአመክሮ ተፈታ" ሲባል ነው። ብዙዎች ታዲያ ምሕረት ይመስላቸዋል። አይደለም።

ቃሉ ግዕዝ ነው። "አመከረ" ማለት ፈተነ ማለት ሲሆን ተፈትኖ ያለፈው "ምኩር" ይባላል። "ሙከራ"ም "መከራ"ም ዘመዶቹ ናቸው። እንግሊዝኛው ፕሮቤሽንም "ፕሮባሬ" ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ እሱም መፈተን፣ መርምሮ ማረጋገጥ ማለት ነው። ቃሉን ከወንጀል ችሎት ጋር ያዛመደው ጆን ኦገስተስ የተባለ የቦስተን ጫማ ሠሪ ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. በስካር የተከሰሰ አንድ ሰው ሊታሰር ሲል ዋስ ሆኖ አስለቀቀው፤ ከሦስት ሳምንት ያህል በኋላ ሰውየው ተለውጦ ችሎት ፊት ቀረበ።

የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን ሁለት ነገሮችን ለይቷል። ቅጣቱ ሳይፈጸም ታግዶ ጥፋተኛው በውጭ ሆኖ ከተፈተነ "ገደብ" ነው። ከእስራቱ ከሦስት እጅ ሁለቱን፣ ዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት የፈጸመ፣ ጠባዩ መታረሙን በሥራ ያሳየና የበደለውን በተቻለው መጠን የካሰ እስረኛ ሲለቀቅ ግን "አመክሮ" ይባላል። የቀረው ቅጣት አልተሰረዘም፤ በፈተናው ጊዜ ዳግመኛ ካጠፋ ወደ ማረሚያ ቤት ሊመለስ ይችላል።

አዲስ ሠራተኛም ይፈተናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በጽሑፍም መስፈር አለበት። ሠራተኛውም በዚህ ጊዜ ያለማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። እንደ ገዳሙ ሁሉ እዚህም ፈታኙ አንድ ወገን ብቻ አይደለም።

በሠፈርዎ በአመክሮ የተፈታ ሰው ካለ ፈተናውን ገና አልጨረሰም። የሚያሠሩት ሥራ ካለዎት ያሠሩት።