የማይክራፎኑ ወረቀት ብቻውን አይበቃም
ሥራዬ የድምፅ ልኬት ስለሆነ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ፦ «መለኪያ ማይክራፎኔ የካሊብሬሽን ወረቀት አለው፤ ቁጥሩን ሶፍትዌሩ ላይ ካስገባሁ በቃኝ አይደል?» አይበቃም።

ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ብዙ ጊዜ የማይክራፎኑ ራስ ለብቻው የሚሰጠው ቮልቴጅ ነው፤ ለምሳሌ በ1 ፓስካል 50 ሚሊቮልት። የኮንደንሰር ማይክራፎን ራስ ግን በጣም ትንሽ ካፓሲተር ነው። ራሱ የሚገጠምበት ፕሪአምፕም (ቅድመ ማጉያ) በመግቢያው የራሱ ካፓሲታንስ ስላለው ከሲግናሉ ይቀንሳል።

በቁጥር እንየው። የፕሪአምፑ የመግቢያ ካፓሲታንስ 0.2 ፒኮፋራድ ይሁን። 18 ፒኮፋራድ ያለው ራስ 0.1 ዴሲቤል ገደማ ያጣል፤ 6 ፒኮፋራድ ብቻ ያለው ትንሹ ራስ ግን ወደ 0.3 የሚጠጋ። የቤት ስፒከር ለሚያስተካክል ምንም አይደለም፤ ለላብራቶሪ ግን ብዙ ነው።

ከዚህ የሚብሰው የጌይን ማዞሪያው ነው። ካሊብሬት ካደረጋችሁ በኋላ ከነካችሁት የቀደመው ልክ አይሠራም። እባካችሁ በፕላስተር ለጥፉት! ስለዚህ ሙሉውን መስመር በአንድ ላይ እንዲህ ካሊብሬት አድርጉ፦

1. ማይክራፎኑ፣ ፕሪአምፑና መቅጃው እንደተያያዙ ካሊብሬተር (መጠኑ የታወቀ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ) ማይክራፎኑ ላይ ግጠሙ።
2. ካሊብሬተሩ በ1 ኪሎኸርዝ የሚያወጣው 94 ዴሲቤል 1 ፓስካል ነው፤ ንባቡን በዚያ አስተካክሉ።
3. ልኬቱ ሲያልቅ የካሊብሬተሩን ንባብ ድገሙት።

የምትጠቀሙበትን ማይክራፎንና ፕሪአምፕ ሞዴል ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ።